ዛፉ ላይ ያየኋት ትንሽ ጥንዚዛ ምንድን ናት?

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ጥንዚዛ ሆኗል። ፎቶ የላካችሁ አላችሁ። በእርሳስ ስላችሁ የላካችሁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ጥንዚዛዋን ራሷን በክብሪት ቀፎ አድርጋችሁ ልካችኋል። በጣም ደስ ብሎኛል፤ የዚህ ወር ገጽ ሙሉው የእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ደን ውስጥ ኮሶና ወይራ ላይ ሦስት ዓይነት ጥንዚዛ አገኘሁ። አንደኛዋ ክብ፣ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ናት። ሁለተኛዋ ሰማያዊ ሆና ታብረቀርቃለች፤ ጣቴን ሳስጠጋ ተስፈንጥራ ትጠፋለች። ሦስተኛዋ አመድማ ናት፤ አፍንጫዋ ረጅም ነው፤ ስነካት ወድቃ የሞተች ትመስላለች። ስማቸውን ይነግሩኛል?

መልስ፦ ጎበዝ! ደብዳቤሽን የወደድኩት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቀለማቸውን ብቻ ሳይሆን ምን እንዳደረጉም ጽፈሻል። ትንንሽ ጥንዚዛዎችን ለመለየት ጠባያቸው ከቀለማቸው የበለጠ ይረዳል። ቀለም በጣም ያሳስታል። ከአንድ ዝርያ ውስጥ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጥቁር ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ፈጽሞ የማይዛመዱ ነፍሳት ደግሞ ቁርጥ አንድ ዓይነት ቀለም ይኖራቸዋል።

መጀመሪያ ግን ያየሻት ነገር እውነት ጥንዚዛ መሆኗን አረጋግጪ። ጀርባዋን እዪ። የጥንዚዛ የፊት ክንፎች ደንድነው ሽፋን ሆነዋል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመርም ከጀርባዋ መሃል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የምትበርበት ስስ ክንፍ ከሥር ታጥፎ ነው ያለው። ክንፎቿ ጀርባዋ ላይ ተደራርበው መስቀለኛ ከሠሩ፣ መሃል ላይ ሦስት ማዕዘን ጋሻ የመሰለ ነገር ካለ፣ በሆዷ በኩል ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነ መምጠጫ ታጥፎ ከታየሽ ጥንዚዛ አይደለችም፤ የዛፍ ጭማቂ ከሚመጥጡት ወገን ናት። ብዙዎቹ ሲነኩ ይገማሉ። ጥንዚዛ ግን አትመጥም፣ ታኝካለች።

አሁን ወደ ሦስቱ። ክቧና ነጠብጣቧ፣ ብዙ ሰው ሌዲበግ የሚላት ሳትሆን አትቀርም። ለማረጋገጥ ቅጠሉን ገልብጪና ክሽክሽ እንዳለበት እዪ። አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ አባላት ክሽክሽና ሌሎች ጭማቂ መጣጮችን ነው የሚበሉት። ቀስ ብለሽ ስትነኪያት ከእግሯ መገጣጠሚያ ቢጫ መራራ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ወፍ እንዳይበላት ነው። አጉሊ መነጽር ካለሽ ደግሞ እግሯን ተመልከቺ። የሌዲበግ የእግር ጫፍ ሦስት አንጓ ብቻ ያለው ይመስላል፣ አንቴናዋም አጭር ሆኖ ጫፉ ላይ ወፈር ይላል። እሷን የሚመስሉ ክብ ቅጠል በል ጥንዚዛዎች አሉ፤ የእነሱ እግር አራት አንጓ ያለው ይመስላል፣ አንቴናቸውም ረዘም ይላል። ይህን አንድ ነገር ከያዝሽ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ቦታ አለፍሽ ማለት ነው።

አጠገቧ ጥቁር፣ ሸካራ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ትንሽ አዞ የመሰለ ትል ካገኘሽ እንዳትገድዪው፤ እሱ ልጇ ነው፣ ክሽክሽ እየበላ የሚያድግ። ሰው ብዙ ጊዜ ትሉን ጠላት ብሎ ይጨፈልቀዋል፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1888 እና 1889 ካሊፎርኒያ ውስጥ የብርቱካንና የሎሚ እርሻ ነጭ ጥጥ በመሰለ ተባይ ሊያልቅ ሲል የታደገው ከአውስትራሊያ የመጣ አንድ የሌዲበግ ዝርያ ነው። ርጭት አልነበረም።

የምትስፈነጠረዋ ከቅጠል በሎቹ ወገን ናት። የኋላ እግሯን ጭን እዪው፤ ወፍሮ ያበጠ ይመስላል፣ የምትዘለው በእሱ ነው። ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ታገኛለሽ። ችግኝ ላይ ከበዛች ታስቸግራለች፤ ትልቅ ዛፍ ግን አትጎዳም።

አፍንጫ ረጅሟ የነቀዝ ዘመድ ናት። ያ አፍንጫ የመሰለሽ በእውነቱ የረዘመ ፊት ነው፤ አፏ ጫፉ ላይ ነው ያለው። አንቴናዋ ደግሞ ከዚያው አፍንጫ ላይ ወጥቶ መሃሉ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። ወድቃ የሞተች መምሰሏ መከላከያዋ ነው። ዝም ብለሽ ብትጠብቂ እግሯን ዘርግታ ትሄዳለች።

ስማቸውን ግን እስከ መጨረሻው ልነግርሽ አልችልም፤ ቤተሰባቸውን ብቻ ነው የምነግርሽ። ስም የወጣላቸው ጥንዚዛዎች በዓለም ላይ ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ብዙዎቹ ትንንሾች የሚለዩት የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ በማየት ነው እንጂ በፎቶ አይደለም። በፎቶ ብቻ አይቶ የዝርያ ስም በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ሰው ካጋጠመሽ እንዴት እንዳወቀ ጠይቂው።

ሌላ ቀን ስትወጪ ነጭ አንሶላ ወይም ነጣ ያለ ጃንጥላ ይዘሽ ሂጂ። ጃንጥላውን ከቅርንጫፉ ሥር ገልብጠሽ ያዢና ቅርንጫፉን በዱላ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጊው። ጠዋት ብርድ ሳይለቅ ቢሆን ይመረጣል፣ ገና ስላልሞቃቸው አይበሩም። በዓይንሽ ቅጠል በቅጠል ብትፈልጊ የማታገኚያቸው ናቸው ጃንጥላው ላይ የሚዘንቡት።

ጥያቄ፦ ደሴ ዙሪያ ነው ያለሁት። በግቢዬ ከተከልኳቸው የፈረንጅ ጥዶች ሁለቱ ደረቁብኝ። ልጆቼ ቅርፊቱን ሲልጡት ከሥሩ በቢላ የተቀረጸ የሚመስል መስመር አለ፣ ውስጡም ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ጥንዚዛዎች ተገኙ። ዛፎቼን የገደሉት እነሱ ናቸው? የቀሩትን መድኃኒት ልርጫቸው?

መልስ፦ አባቴ፣ ከመርጨትዎ በፊት ትንሽ ይታገሡኝ።

ያዩት የቅርፊት ጥንዚዛ ሥራ ነው። እነዚህ አብዛኞቹ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ድብልብል፣ ጭንቅላታቸው ከላይ ሲታይ አንገታቸው ውስጥ የተደበቀ ጥንዚዛዎች ናቸው። እናቲቱ ቅርፊቱን በስታ ትገባና በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል መንገድ ትቆፍራለች። ግራና ቀኝ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ እያንዳንዱ እጭ የራሱን መንገድ እየበላ ይሄዳል፤ እጩ ባደገ ቁጥር መንገዱም ይሰፋል። የመስመሩ ጅማሬ ቀጭን፣ መጨረሻው ሰፋ ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሥዕሉ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ባለሙያ ጥንዚዛዋን ሳያይ ከሥዕሉ ብቻ ብዙ ነገር ያነባል። ስለዚህ ያንን የተላጠ ቅርፊት አይጣሉት፤ ማገዶ ውስጥም አይክተቱት።

ገዳዮቹ እነሱ ናቸው ወይ ላሉት ግን አብዛኞቹ የቅርፊት ጥንዚዛዎች የሚመጡት ዛፉ ቀድሞ ሲደክም ነው። ድርቅ፣ የሥር መቆረጥ፣ ውኃ የሚተኛበት መሬት፣ ወይም ሌላ ተባይ መጀመሪያ ያደክመዋል፤ ከዚያ እነሱ ይደርሳሉ። የፈረንጅ ጥድ ላይ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የጥድ ክሽክሽ ነው። ይህ ተባይ ማላዊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኬንያ ውስጥ ደግሞ በ1990 ታይቶ ብዙ ጥድ አድርቋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቅርንጫፉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀላ ይደርቃል፣ ቅጠሉን ሲነኩት ይጣበቃል፣ በዚያ በሚጣብቀው ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ያድጋል፣ ጉንዳንም ይመላለስበታል።

የቀሩትን ዛፎች ቀርበው ይዩዋቸው። ግንዱ ላይ፣ በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ቡና መሳይ ብናኝ ካለ ጥንዚዛዎቹ እየገቡ ነው። ንጹሕ ከሆነ እስካሁን ደህና ናቸው። ርጭት ቅርፊት ሥር ያለችውን ጥንዚዛ አያገኛትም፤ እሷን የሚበሉትን ነፍሳት ግን ይጨርሳል። የደረቁትን ሁለቱን ይቁረጡ፣ ቅርፊቱን ይላጡ፣ ከግቢ ያርቁት። የቀሩትን በበጋ ውኃ ያጠጧቸው። በእኔ እምነት ይህ ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቤቴን በባሕር ዛፍ አጣና ነው የሠራሁት። አሁን ከጣራው ሥር ዱቄት ይዘንባል። ጎረቤቴ ምስጥ ነው ትላለች፣ ባለቤቴ ደግሞ ጥንዚዛ ነው ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ባለቤትሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ራስሽ አይተሽ ፍረጂ። ምስጥ የጭቃ መንገድ ይሠራል። ከመሬት ተነስቶ ግድግዳው ላይ የሚወጣ የአፈር ቱቦ ካላየሽ ምስጥነቱ አጠራጣሪ ነው።

ዱቄቱን በጣትሽ እሺው። እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ከሆነና አጣናው ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን ክብ ቀዳዳ ካለች፣ የደረቀ እንጨት ዱቄት የምታደርገዋ ጥንዚዛ ናት። እሷ የምትፈልገው በእንጨቱ ውጫዊ ነጣ ያለ ክፍል ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ጥድ ነክ እንጨቶችን አትነካም፤ ባሕር ዛፍንና መሰል ቅጠለ ሰፊ ዛፎችን ግን ትወዳለች። ቀርከሃንም እንዲሁ ዱቄት የሚያደርጉት የእሷ ዘመዶች ናቸው። ቀዳዳው ሞላላና ሰፊ ከሆነ ደግሞ አንቴናቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም ትልልቅ ጥንዚዛዎች የወጡበት ነው።

አንድ ሌላ ዓይነት አለ፣ ሰው ሳያስፈልግ የሚደነግጥበት። ቀዳዳዋ እንደ መርፌ ጫፍ ናት፤ ዙሪያዋ ጠቁሯል፤ ዱቄት ግን አይወርድም። ይህችኛዋ የገባችው እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው። እንጨት አትበላም። ቀዳዳው ውስጥ ሻጋታ ታበቅላለች፣ የምትበላው ሻጋታውን ነው፤ ጥቁሩም ቀለም ከዚያ የመጣ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ሻጋታው ስለሚሞት እሷም ጥላ ትሄዳለች፣ ተመልሳ አትመጣም። እንዲህ ያለ አጣና ካለሽ ተይው።

ዱቄት የሚወርድባቸውን አጣናዎች ግን በትልቅ ስክሩድራይቨር ወጋ ወጋ አድርገሽ ፈትሺ። የሚሰረጉትን አስቀይሪ። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አጣናው እንደተቆረጠ ቅርፊቱ ይላጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይድረቅ።

ጥያቄ፦ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፣ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ። የሰበሰብነው የግራር ዘር ብዙው ቀዳዳ አለው፤ ከረጢቱ ውስጥም ትንንሽ ቡናማ ጥንዚዛዎች ሞልተዋል። ዘሩ ይበቅላል?

መልስ፦ ቀዳዳ ያለው አብዛኛው አይበቅልም፤ በጊዜ ጠይቀሃል። ከረጢትህ ውስጥ ያሉት የዘር ጥንዚዛዎች ናቸው፤ ሽምብራና ባቄላን የሚበሱት የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። እናቲቱ እንቁላሏን ዛፉ ላይ እንዳለ የግራሩ ፍሬ ላይ ትለጥፋለች፣ እጩ በስቶ ዘሩ ውስጥ ይገባል፣ እዚያው በልቶ ያድጋል። ያየኸው ክብ ቀዳዳ የገባበት እንዳይመስልህ፤ አድጎ የወጣበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ቀዳዳ የሌለው ዘር ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም፣ ውስጡ ገና ያልወጣ ሊኖር ይችላል።

እነዚህን ከበቆሎ ነቀዝ የምትለያቸው በፊታቸው ነው። የበቆሎዋ ረጅም አፍንጫ አላት፤ የግራሯ የላትም። ጀርባዋ ድፍን እንቁላል ይመስላል፤ ሽፋን ክንፏም አጠር ስለሚል የቂጧ ጫፍ ይታያል።

ዘሩን ውኃ ውስጥ ክተተው። የተበላው ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ገፈህ አውጣውና አቃጥለው፣ ሜዳ ላይ እንዳትደፋው። የሰመጠውን አድርቅ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍሬው እንደደረሰ፣ መሬት ላይ ሳይሰነብት ቶሎ መሰብሰብ ነው፤ በቆየ ቁጥር አዲስ ትውልድ ይጨመርበታል። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ፍየል የግራር ፍሬ በልታ ዘሩን ስታወጣው ውስጡ የነበረው ለጋ እጭ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወጣል፤ የዘሩም ጠንካራ ልባስ ይላላል። በፍየል በረት ዙሪያ ግራር በብዛት በቅሎ ብታይ አይግረምህ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በሰፈራችን ፓርክ ውስጥ እንደ ኤመራልድ የሚያበራ አረንጓዴ ጥንዚዛ መንገዱ ላይ አየሁ። ዛፍ ጨራሹ እሱ ነው ብለው ጎረቤቶቼ ሊረግጡት ሮጡ። እውነት ነው?

መልስ፦ መንገድ ላይ ይሮጥ ነበር? ረጅም ቀጫጭን እግር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ጀርባው ላይም ትንንሽ ነጭ ነጠብጣቦች ነበሩት? እንግዲያው የተረገጠው ምስኪን ነው። በጸደይ ወራት በደን መንገድ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ስትቀርበው ብር ብሎ ከፊትህ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ የሚያርፍ አዳኝ ጥንዚዛ አለ። ጉንዳንና ሸረሪት ነው የሚበላው፤ ዛፍ አይነካም።

ዛፍ ጨራሹ አሽ የሚባለውን ዛፍ ነው የሚያጠቃው። ከእስያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ዲትሮይት አጠገብ ታወቀ፤ በ2003 እናንተ ጋ ሜሪላንድ ተገኘ። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሾች ጨርሷል። ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጠን ብሎ ጭራው ይሾላል፣ ክንፉን ስትገልጠው የሆዱ ጀርባ መዳብማ ቀይ ነው። እሱን ራሱን ማየት ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ዛፉን እይ። ከላይ ጀምሮ ይሳሳል፣ ግንዱ ላይ እንግዳ ቀንበጦች ይወጣሉ፣ ግንደ ቆርቁር ቅርፊቱን ይልጠዋል። ዋናው ምልክት ቀዳዳው ነው፦ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ የጎበጠ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ፣ ስፋቱም 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር። ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ መንገድ አለ። ለካምፕ ስትወጡ ማገዶ ከቤት ጭናችሁ አትሂዱ፤ ጥንዚዛው ከግዛት ወደ ግዛት በአብዛኛው የተጓዘው በሰው መኪና ነው። እዚያው የምትሄዱበት ግዙ።

ጥያቄ፦ ዛፍ ላይ ያገኘኋትን ቀይና ጥቁር ቀጭን ነፍሳት አንገቴ ላይ ስትሄድ ጨፈለቅኳት። በማግስቱ እንደ እሳት አቃጠለኝ፣ ውኃ ቋጠረ። ምን ነበረች?

መልስ፦ ብርቱካናማና ጥቁር ተራ በተራ የሆነ ቀጭን ሰውነት፣ መሃል ላይ ሰማያዊ የምታበራ አጭር ክንፍ፣ ርዝመቷ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ከሆነ ጥንዚዛ ናት፤ ክንፏ አጭር ስለሆነ ጉንዳን ትመስላለች እንጂ። አትነክስም፣ አትናደፍም። መርዟ ደሟ ውስጥ ነው፤ የሚያቃጥለው ስትጨፈለቅ ነው። ሌላ ጊዜ እፍ ብለህ አባርራት ወይም በወረቀት አንሳት። ከጨፈለቅካት ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠብ፤ ዓይንህን አትንካ። የቋጠረውን አታፍርጠው። ዓይንህ አካባቢ ከሆነ ወይም ከሰፋ ሐኪም ይየው። በዝናብ ወራት ማታ ወደ መብራት ስለሚመጡ አምፖል ሥር አትተኛ።

ጥያቄ፦ ጅማ አጠገብ ጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና አለን። እሸቱ ጫፉ ላይ ተበስቷል። ከላይ ካሉት ዛፎች የወረደ ጥንዚዛ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የራሱ የቡናው ነው። እሸቱን ሁለት ቦታ ክፈለው። ቀዳዳው አበባው የነበረበት እምብርት ላይ ከሆነ፣ ውስጡም ከ2 ሚሊ ሜትር የምታንስ ጥቁር ድብልብል ጥንዚዛ ካለች የቡና ፍሬ በሺ ናት። የምትበረው ሴቷ ብቻ ናት፤ ወንዱ ከፍሬው ሳይወጣ ይሞታል። ካፌይን ብዙ ነፍሳትን ይመርዛል፣ እሷን ግን አይጎዳትም፤ አንጀቷ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች እንደሚያፈርሱላት እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ታይቷል። ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይም መሬት ላይም የቀረውን ፍሬ ጠራርጋችሁ ልቀሙ፤ እስከሚቀጥለው እሸት የምትቆየው እዚያ ውስጥ ነው። ጥላ ዛፎቹን እንዳትነኳቸው።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ጥንዚዛ በትክክል ማን ይለይልኛል? እንዴትስ ልያዘው?

መልስ፦ አዲስ አበባ ከሆንክ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። የደን ዛፍ ጉዳይ ከሆነ ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ፣ የሰብል ከሆነ አምቦ፣ የቡና ከሆነ ጅማ ያሉት የግብርና ምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች አሏቸው። ስልክ ካለህ አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ፎቶ ጫን፤ ከጀርባ፣ ከጎን፣ ከፊት ሦስት ፎቶ፣ አጠገቧም ማስመሪያ አድርገህ።

ናሙና ለመያዝ ትንሽ ብልቃጥና ከፋርማሲ የሚገዛ 70 ፐርሰንት አልኮል ይበቃል። ወረንጦ ካስፈራህ እርጥብ ብሩሽ ተጠቀም፤ እግሯን አይሰብርም። ብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ክተት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ያጠፋዋል። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከተቻለ ከፍታውን፣ የዛፉን ስም፣ ከዛፉም የቱ ጋ እንዳገኘሃት ጻፍ፦ ቅጠል፣ አበባ፣ ቅርፊት ሥር፣ የሞተ ቅርንጫፍ። የዛፉን ስም ካላወቅክ አንድ ቅጠል ከነቀንበጡ ጋዜጣ መሃል አድርቀህ አብረህ ላክ። ብሳና ላይ የተገኘችና ዋንዛ ላይ የተገኘች ሁለት ተመሳሳይ ጥንዚዛዎች የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ዛፉን ነው።